ሽልን ሳይጎዱ መመዘን፦ የብርሃን ምርመራ በዘርና በችግኝ ሳይንስ ውስጥ

የአንድን ዘር ጥራት ለማወቅ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የተማመነበት መንገድ ዘርቶ መጠበቅ ነው። ከከረጢት የተዘገነ ጥቂት ዘር በእርጥብ አሸዋ ወይም ወረቀት ላይ ተደርድሮ ስንቱ እንደበቀለ ሲቆጠር ስለ ክምችቱ በጠቅላላው የሚታመን መረጃ ይገኛል፤ የተፈተነው ዘር ግን ወይ በቅሏል ወይ በስብሷል፣ ተመልሶ ወደ ጎተራ አይገባም። በ1940ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ጌኦርግ ላኮን ያስተዋወቀው የቴትራዞሊየም ምርመራ፣ ይኸውም ዘሩ ተሰንጥቆ ቀለም በሌለው ኬሚካል ሲነከር በሕይወት ያለው ክፍሉ ብቻ ወደ ቀይ የሚለወጥበት ዘዴ፣ የሳምንታትን ጥበቃ ወደ ሰዓታት ቢያሳጥርም ዘሩን ከመጥፋት አላዳነውም። ሁለቱም ዘዴዎች የሚናገሩት ስለ ክምችቱ አማካይ ሲሆን፣ ነገ መሬት ውስጥ ስለሚገባው ስለዚህኛው አንድ ዘር የሚሉት የለም። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በደን ሳይንስና በዕፅዋት ማባዛት ዘርፍ እየጎለበተ የመጣው የብርሃን ምርመራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ዘር፣ ከዚያም አልፎ ገና የዘር ቅርፊት ያልለበሰውን አንድ ሽል፣ ሳይቆርጥና ሳይነክር መርምሮ ስለ መጪ ዕድሉ ግምት ለመስጠት ይሞክራል።

ሽል ማለት ሥር የሚሆነውን ጫፍ፣ ግንድ የሚሆነውን መካከለኛ ክፍልና የመጀመሪያ ቅጠሎቹን፣ ማለትም ክኮቹን፣ አስቀድሞ ለይቶ የያዘ፣ እድገቱን ገትቶ ምቹ ጊዜ የሚጠብቅ ታናሽ ተክል ነው። ስንቁን የሚያኖርበት ቦታ እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል፦ በባቄላ ክኮቹ ራሳቸው ጎተራ ናቸው፤ በስንዴና በጤፍ ስንቁ ከሽሉ ውጪ በስታርች መልክ ተከማችቶ ይገኛል፤ እንደ ፓይን ባሉት፣ ኮኒፈር በሚባሉት የዛፍ ወገኖች ደግሞ ሽሉን ዙሪያውን ከብቦ የሚመግበው ከእናቲቱ ዛፍ ብቻ የሚገኝ ለስላሳ ሥጋ ነው። ይህ ልዩነት ለብርሃን ምርመራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ መሣሪያው ወደ ሙሉ ዘር ሲያበራ ከሽሉ ይልቅ የሚያነበው በዙሪያው ያለውን ስንቅና ቅርፊት ሊሆን ይችላልና።

ዘዴው ከሁሉ በላይ የተፈለገው ግን ቅርፊትም ሆነ የሚከብብ ስንቅ በሌለው፣ በላቦራቶሪ በተገኘ ሽል ዘንድ ነው። በ1958 ስቱዋርድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ ራይነርት በጀርመን፣ ከካሮት የአካል ሕዋሳት ያለ ርክበ ዘር ሽል ማግኘት እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ፣ ቶሺዮ ሙራሺጌ በ1977 እነዚህን ሽሎች በሰው ሠራሽ ቅርፊት ጠቅልሎ እንደ ዘር የመዝራትን ሐሳብ አቀረበ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በስዊድን ስፕሩስ የተባለው ዛፍ፣ ጥቂት ቆይቶም የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የእንጨት ኢንዱስትሪ መሠረት የሆነው ሎብሎሊ ፓይን በዚሁ መንገድ ሲባዙ፣ ሐሳቡ ከላቦራቶሪ ጉጉት ወደ ትልቅ የንግድ ተስፋ ተሸጋገረ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ካልጎመራ ዘር የሚወጣ አንድ ሽል በማሳደጊያ ንጥረ ነገር ላይ እየተከፋፈለ መስመር ወደሚባል የሕዋሳት ክምችት ይለወጣል፤ ከክምችቱ ከፊሉ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጦ ሲቆይ፣ ከዚያው መስመር የተገኙት ዛፎች በመስክ ለዓመታት ይፈተናሉ፤ መስመሩ ምርጥ ሆኖ ሲገኝ የተቀመጠው ክፍል ወጥቶ በዘረመል አንድ ዓይነት የሆኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሽሎች ይመረቱበታል።

ችግሩ እነዚህ በዘረመል አንድ የሆኑ ሽሎች በአቋም አንድ አለመሆናቸው ነው። በአንዱ ሳህን ላይ ክኮቹ እንደ አክሊል በሥርዓት የተደረደሩለት ሽል፣ ክኮቹ ተጣብቀው ከቀሩበት፣ ሥሩ ከደከመበት፣ ውኃ ቋጥሮ መስታወት ከመሰለ ወንድሙ ጎን ለጎን ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ምርጫው የተካሄደው በአጉሊ መነጽር ሥር በተቀመጠ ባለሙያ ዓይንና በወረንጦ ሲሆን፣ ይህ ሥራ ዋጋውን ከማናሩም ሌላ በሰው ድካምና በግል ፍርድ የሚወዛወዝ ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ሽል ላይ የተለያየ ብያኔ መስጠታቸው ያልተለመደ አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መልክ ራሱ መሸንገሉ ነው። ቅርፁ የተሟላ ሽል ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በመብሰያው ወቅት ማከማቸት የነበረበትን ፕሮቲንና ስብ ሳያከማች የወጣ ሽል በዓይን ሲታይ ከበሰለው እምብዛም ላይለይ ይችላል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ዋየርሃውዘር የተባለው የደን ኩባንያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ያስመዘገባቸው የፈጠራ መብቶች የተነሡት ከዚህ ችግር ሲሆን፣ የሽሉን ዲጂታል ምስልና ከሽሉ የሚመለሰውን ታህተ ቀይ ብርሃን በኮምፒውተር አጣምሮ ሽሉን «የሚበቅል» ወይም «የማይበቅል» ብሎ የመመደብን አካሄድ ይገልጻሉ።

የብርሃኑ አሠራር መነሻው ጥንት ነው። በ1800 ዊሊያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ በማግኘቱ ታህተ ቀይ ጨረር ታወቀ። ለዓይን ከሚታየው ብርሃን አጠገብ ያለው ክፍሉ፣ የሞገድ ርዝመቱ በግምት ከ780 እስከ 2500 ናኖሜትር የሚደርሰው፣ ከሕያዋን ነገሮች ጋር ልዩ ዝምድና አለው። የውኃ፣ የስብና የፕሮቲን ሞለኪውሎች ውስጥ ሃይድሮጅን ከኦክስጅን፣ ከካርቦንና ከናይትሮጅን ጋር የሚተሳሰርባቸው ማያያዣዎች፣ እያንዳንዱ እንደ ክራር ጅማት በራሱ ቅኝት የሚንቀጠቀጡ ሲሆኑ፣ ከቅኝታቸው ጋር የሚገጥም ብርሃን ሲደርሳቸው ይመጡታል፤ ያልተመጠጠው ብርሃን ተበትኖ ወደ መሣሪያው ሲመለስ የጎደለው መጠን በየሞገድ ርዝመቱ ይመዘገባል። ይህ ምዝገባ ስፔክትረም ይባላል። ውኃ በ1450 እና በ1940 ናኖሜትር አካባቢ ጉልህ ጉድለት ይፈጥራል፤ ስብ በ1720 እና በ2310 አካባቢ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ2050 እስከ 2180 ባለው መካከል የየራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ። መምጠጡ በዚህ ክልል ደካማ መሆኑ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ብርሃኑ በገጽ ላይ ተመጥጦ ከመቅረት ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይመለሳልና፣ ናሙናውን መፍጨትም ሆነ ማሟሟት አያስፈልግም። በአሜሪካ ቤልትስቪል የምርምር ማዕከል ካርል ኖሪስ በ1960ዎቹ ይህንን ባሕርይ የእህልን እርጥበት ለመለካት ከተጠቀመበት በኋላ ዘዴው በዓለም ዙሪያ የእህል ንግድ የዘወትር መሣሪያ ሆኗል።

ከእህል እርጥበት ወደ ሽል ጥራት የሚደረገው ሽግግር ግን ቀጥተኛ አይደለም፤ የጉዳዩ ዋና ነጥብም እዚህ ይገኛል። እርጥበት በብርሃኑ በራሱ የሚታይ ነገር ነው፤ የመብቀል ችሎታ ግን የትኛውም ማያያዣ የሚንቀጠቀጥበት ቅኝት የለውም። መሣሪያው የሚያየው ስንቅን ነው፦ ሽሉ ሲበስል ነፃ ውኃው ይቀንሳል፣ ፕሮቲንና ስብ ይሞላበታል፣ ድርቀትን ለመቋቋም የሚረዱት የስኳር ዓይነቶች ይበዙበታል፤ በላቦራቶሪም አብሲሲክ አሲድ የተባለው የዕፅዋት ሆርሞንና የውኃን እንቅስቃሴ የሚገድቡ ንጥረ ነገሮች የሚጨመሩት ይህንኑ ለማምጣት ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ብስለትን ያነባል፣ ብስለትም አብዛኛውን ጊዜ ከመብቀል ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስንቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ በሙቀት የሞተ ሽል ስንቁ በአብዛኛው ባለበት ስለሚቆይ፣ በሕይወት ካለው የሚለይበት ምልክት እጅግ የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። የዘዴው ወዳጆች ይህንን ልዩነት አንዳንድ ጊዜ አቃልለው ሲያልፉት ይስተዋላል፤ በብርሃን የተገኘው ውጤት መጠን ያለው ግምት እንጂ የሕይወት ምስክር አለመሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል።

በተጨማሪም የእነዚህ ሞለኪውሎች ምልክቶች እርስ በርስ ስለሚደራረቡ በአንድ ሞገድ ርዝመት ላይ ብቻ ቆሞ መፍረድ አይቻልም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች በአንድነት መታየት አለባቸው። ለዚህ የሚያገለግለውን የኬሚካል መረጃ ስታቲስቲክስ ካዳበሩት አንዱ በስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲው ስቫንቴ ቮልድ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ያቀረበው ሲምካ የተባለ ዘዴ ዛሬም በዘር ምርምር ላይ ይሠራበታል። አካሄዱ ሲብራራ፣ በመጀመሪያ የብዙ ሽሎች ስፔክትረም ይመዘገባል፤ ከዚያ እነዚሁ ሽሎች አንድ በአንድ እንዲበቅሉ ተደርጎ የየአንዳንዳቸው ዕጣ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ የበቀሉትን ለብቻ፣ ያልበቀሉትን ለብቻ መድቦ የየምድቡን የጋራ መልክ ይማራል፤ አዲስ ሽል ሲመጣም ለየትኛው ምድብ ይበልጥ እንደሚቀርብ ይሰላል። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ከተማረባቸው ሽሎች የተሻለ እውቀት ሊኖረው እንደማይችል ነው። የብርሃን ምርመራ የማብቀልን ፈተና ሽሯል የሚለው አነጋገር ስለዚህ ልክ አይደለም፤ ፈተናውን ወደ ኋላ፣ ወደ መማሪያው ደረጃ አዛውሮታል፣ በዚያም ደረጃ ከቀድሞው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሽል በቁጥር ተለይቶ እስከ ችግኝነት መከታተል አለበትና።

በዚህ የመማሪያ ደረጃ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ውኃ ነው። የውኃ ምልክት ከሌሎቹ ሁሉ የጎላ ስለሆነ፣ ከሳህኑ ወጥቶ በመብራቱ ሥር ጥቂት የቆየ ርጥብ ሽል የመድረቁ ልክ ከስንቁ ልዩነት የበለጠ ስፔክትረሙን ሊለውጠው ይችላል፤ ጠዋት የተለኩት ሽሎች በአንድ ሳህን፣ ከሰዓት የተለኩት በሌላ ሳህን ከነበሩ ደግሞ ኮምፒውተሩ የተማረው የሽልን ጥራት ሳይሆን የክፍሉን አየር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሚለካው ቦታ ነው፤ ክኩ፣ መካከለኛው ክፍልና የሥሩ ጫፍ የተለያየ ስንቅ ስላላቸው፣ ሽሉ በየትኛው ጎኑ እንደተኛ ሳይታወቅ የሚወሰድ አንድ ልኬት ሦስቱን ደባልቆ ያቀርባል፤ ለዚህም ነው በዘርፉ የተሠሩት መሣሪያዎች ሽሉን በአቅጣጫ አስተካክሎ ለማስቀመጥ ብዙ የሚደክሙት።

ሦስተኛው ከሁለቱ የከበደ ሆኖ ሳለ ያነሰ ትኩረት የተሰጠው ነው። አንድ ኩባንያ ከተለያዩ የዘረመል መስመሮች የመጡ ሽሎችን ቀላቅሎ ኮምፒውተሩን ቢያስተምርና ከመስመሮቹ አንዱ በላቦራቶሪ በቀላሉ የሚበቅል ቢሆን፣ ኮምፒውተሩ የሚቀምረው የመለያ ስሌት፣ ማለትም ሞዴሉ፣ የዚያን መስመር የኬሚካል መልክ እንደ ጥራት ምልክት ሊይዘው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለመብቀል አስቸጋሪ ከሆነ፣ በመስክ ግን ከሁሉ የላቀ እንጨት ከሚሰጥ መስመር የመጣ ጤነኛ ሽል ሲቀርብለት ይጥለዋል። እንዲህ ያለው ምርጫ ዑደት በዑደት ሲደጋገም ደኑን በዓላማ ሳይሆን በመሣሪያው ምቾት ወደ ጥቂት መስመሮች ያጠብበዋል። መድኃኒቱ ለየመስመሩ የተለየ ሞዴል መሥራት ወይም ሞዴሉን ፈጽሞ ባልተማረበት መስመር ላይ መፈተን ነው፤ ሁለቱም ጊዜና ገንዘብ የሚበሉ ስለሆኑ ለመዝለል የሚያጓጉ ናቸው፣ እነዚህን ሳይዘሉ የተሠሩ ጥናቶች ብቻ ግን ሙሉ እምነት ሊጣልባቸው ይገባል።

የውጤት አሃዞችም በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ለምሳሌ ያህል፣ የሚበቅለውንም የማይበቅለውንም ከመቶ 80 ጊዜ በትክክል የሚለይ መሣሪያ አለ ይባል። ከ1000 ሽሎች 500ው የሚበቅሉ ከሆኑ መሣሪያው 400 ጥሩና 100 መጥፎ ሽል ያሳልፋል፤ ካለፉት ከመቶ 80 ይበቅላሉ ማለት ነው። ከ1000ው የሚበቅሉት 100 ብቻ ቢሆኑ ግን ይኸው መሣሪያ 80 ጥሩና 180 መጥፎ ሽል ስለሚያሳልፍ ካለፉት ከመቶ 31 ያህሉ ብቻ ይበቅላሉ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቀረበለት ክምችት ነው። እንዲሁም የስህተቱ ክብደት እንደ ተጠቃሚው ይለያያል፦ በሳህን ላይ በገፍ ለሚያመርተው ኩባንያ ሽሉ ርካሽ፣ ሽሉን ጠቅልሎ እስከ ችግኝ ማድረሱ ውድ ስለሆነ፣ መሣሪያው ብዙ ጥሩ ሽሎችን ቢጥልም መጥፎ እስካላሳለፈ ድረስ ያዋጣዋል፤ ከአንድ የጠፋ ማሳ የተረፈ ጥቂት ዘር ለያዘ የዘር ባንክ ግን በስህተት የተጣለ አንድ ጥሩ ዘር የማይመለስ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ለኩባንያ የተቀመረን ሞዴል ወደ ዘር ባንክ እንዳለ ማስገባት ስህተት ነው፤ የማሳለፊያው ወሰን ከመሠረቱ መቀየር አለበት።

ታህተ ቀይ ብርሃን ብቸኛው ዓይን አይደለም። ራጅ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በስዊድን የደን ዘር ጥናት ውስጥ ባዶ ዘርን ከሙሉው ለመለየት አገልግሏል። በኔዘርላንድ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ የጥቅል ጎመን ዘር በብርሃን ሲመታ የሚመልሰው የክሎሮፊል ፍካት ያልበሰለውን ዘር እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል፤ ዘሩ ሲበስል አረንጓዴው ኅብር እየፈረሰ ስለሚሄድ ብዙ የሚፈካው ገና ያልደረሰው ነው። ሕንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን በ1928 ያገኘው የብርሃን መበተን ክስተትም ውኃ ብዙም ስለማይረብሸው ለርጥብ ሽል ተስፋ የተጣለበት ነው፣ ምንም እንኳ ምልክቱ እጅግ ደካማ በመሆኑ ብርቱ የሌዘር ብርሃን ቢፈልግም። በስዊድን ስዊትሪ የተባለው ድርጅት በበኩሉ ሽሎችን በፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ እያፈሰሰ በካሜራ የሚመርጥ መሣሪያ አዳብሯል።

ይህ ታሪክ በአሜሪካና በስካንዲኔቪያ ደኖች ተወስኖ የቀረ አይደለም። በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ሙሉዓለም ጥጋቡ ከፔር ክሪስተር ኦዴን ጋር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያሳተሟቸው ጥናቶች የዋንዛንና የሰሳን ጤነኛ ዘር በነፍሳት ከተበላው፣ የፓይነስ ፓቱላን የሚበቅል ዘር ከባዶው በታህተ ቀይ ብርሃን መለየት እንደሚቻል ያሳዩ ናቸው። ምርጫቸው አስተዋይነት የታየበት ነው፤ ነፍሳት የበሉት ዘር ከውጪ ሲታይ ሙሉ መስሎ በችግኝ ጣቢያ መደብ ላይ ቦታና ውኃ ሲበላ የሚቆይ ሲሆን፣ ለብርሃን ግን ስንቁ የጎደለ ስለሆነ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ብርሃን የሚያነበው ስንቅን እንደመሆኑ፣ ጥያቄው ራሱ የስንቅ ጥያቄ በሆነበት ቦታ ዘዴው ከሁሉ የበለጠ ይታመናል። ዋንዛ ለቤት ዕቃና ለቡና ጥላ ያለው ዋጋ፣ በየዓመቱ ለሚካሄደው ሰፊ የችግኝ ተከላም የጥሩ ዘር አስፈላጊነት ሲታሰብ፣ እነዚህ ጥናቶች ከመጽሔት ገጽ ወደ ችግኝ ጣቢያ አለመውረዳቸው ቢቆጭ አይበዛበትም።

ለአዲስ አበባው የዘር ባንክ፣ በ1976 የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ሆኖ ተቋቁሞ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ላለው፣ ጉዳዩ የበለጠ ቅርብ ነው። ባንኩ የያዛቸው የገብስ፣ የማሽላና የሌሎች ሰብሎች ናሙናዎች በቅዝቃዜ ቢቀመጡም በየጊዜው የመብቀል ችሎታቸው መፈተሽ ስላለበት፣ እያንዳንዱ ፍተሻ ከናሙናው ጥቂት ዘር ይወስዳል። ሁሉም ሰብል ለብርሃን ምርመራ እኩል አይመችም። የጤፍ አንድ ሺህ ፍሬ ክብደቱ ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይሞላ የመደበኛው መሣሪያ ብርሃን ከፍሬው ይሰፋል፤ ለእርሱ የየነጥቡን ስፔክትረም የሚመዘግብ ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ ያስፈልጋል። የቡና ዘር ደግሞ እስከ ጫፍ ደርቆ በቅዝቃዜ መቀመጥ ስለማይችል፣ የኢትዮጵያ ቡና ዝርያዎች በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ እንዳለው ጮጬ ባሉ መስኮች በሕይወት ባሉ ዛፎች መልክ ይጠበቃሉ፤ በመካከለኛው አሜሪካ ግን ከወላጆቻቸው ከፊሉ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የዓረቢካ ድቅሎች ከአካል ሕዋስ በሚገኙ ሽሎች እየተባዙ ለገበሬ ይደርሳሉ። የዚህ ዓይነት ማባዛት በጅማ ከተስፋፋ የሽል ምርጫ ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

የመሣሪያው ዋጋ ብዙዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ እንቅፋት ቢሆንም፣ የማይገዛው ነገር የመማሪያው መዝገብ ነው፤ ከስዊድን ስፕሩስ የተማረ ሞዴል ለወሎ ገብስ አይሠራም። ይህንን መዝገብ ለማግኘት ግን የዘር ባንኮች አዲስ ዘር መሥዋዕት ማድረግ አያስፈልጋቸውም። መደበኛው የማብቀል ፈተና ለማንኛውም የሚካሄድ ስለሆነ፣ ለፈተናው የተቆጠረው እያንዳንዱ ፍሬ ከመነከሩ በፊት በብርሃን ቢለካ፣ ቁጥሩ ከቦታው ሳይፋለስ ቢበቅልና ውጤቱ ከስፔክትረሙ ጎን ቢጻፍ፣ በአሥር ዓመት የፈተና ዑደት ውስጥ ከየአካባቢው ዝርያ የተውጣጣ፣ ዕድሜውና የአቀማመጥ ታሪኩ የታወቀ መዝገብ ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መለኪያ፣ ፍሬዎቹን በቁጥር ለይቶ የሚይዝ ገበታና በየፈተናው ተመሳሳይ የክፍል ሙቀትና እርጥበት የሚጠብቅ ባለሙያ ነው፤ ሥራው መጀመር ያለበትም ዘራቸው ተርፎ በሚበቃቸው ናሙናዎች ሲሆን፣ ጥቂት ዘር ብቻ የቀራቸው ናሙናዎች ወደ መለኪያው የሚቀርቡት ሞዴሉ ባልተማረበት ዝርያ ላይ ተፈትኖ ከተመሰከረለት በኋላ ነው።